ከእናቴ እጅ የምትወድቅ ማስመሪያ

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ባልደረቦቹ «ደመናው» ይሉታል፤ እያወሩት በመሃል በሐሳብ ጥሏቸው የት እንደሚሄድ አይታወቅማ። መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነው። እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ጠብታ አይፈስበትም ይባላል። ይህን የሚለው ግን በአብዛኛው ራሱ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ሲያብረቀርቅ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ድንገት መንገድ ገባችበት። ፍሬን ያዘ። አውቶቡሱ የቆመው ጃንጥላዋን ነክቶ ነው። ሴትየዋ ምንም አልሆነችም፤ የስድብ መዓት አውርዳበት ሄደች። አባቴ ግን ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አይቻታለሁ እኮ» አለን። «እግሬ ነው የዘገየብኝ።»

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሾፌሮችን ሊፈትን መሆኑ ተሰማ። መብራት ሲበራ ቁልፍ መጫን ነው፤ የዘገየ ከመሪ ይነሳል። አባቴ ከመሪ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ እንዲያውቅ ቢለምኑትም እሺ አይልም። እንቅልፍ አጣ።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የእንጨት ማስመሪያዋን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳችና «ና እዚህ ተቀመጥ፣ አንተ ሰውዬ» አለችው። ጨዋታው ቀላል ነው። እሷ ማስመሪያዋን ከላይ ይዛ ቁልቁል ታንጠለጥላለች። እሱ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፈት አድርጎ ከታች ጫፏ ላይ ይጠብቃል፤ መንካት ክልክል ነው። ሳትነግረው ትለቃታለች፤ እሱ ይቀልባታል። ጣቶቹ ያረፉበት ቁጥር ባነሰ መጠን ሰውየው ፈጣን ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ማስመሪያዋ ወለሉ ላይ ስትንጣጣ አመሸች።

«ይቺ እንጨት ጠምዳ ይዛኛለች» አለ።

«እንጨቷ ምን አደረገች፣ አንተ ራስህ እዚህ የለህም!»

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ መስኮቱ ሥር ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። ቢጫው ብርሃን ጨርቆቹ ላይ ይተኛል፤ ከመቀስ የተረፈ ክር አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠባበቃሉ። ቤቱ ራሱ ከእነሱ ጋር የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን ወረደ። አባቴ እያፏጨ ሥራ መሄድ ጀመረ። እናቴም «ጎረምሳ አገባሁ» እያለች ትስቅበታለች።

እኔ በር ላይ ቆሜ እነሱን ማየት ሱስ ሆነብኝ። አንድ ምሽት ታዲያ የአባቴ ዓይን ማስመሪያዋ ላይ እንዳልሆነ አየሁ። የሚያየው እናቴን ነው። እናቴ ማስመሪያዋን ልትለቅ ስትል ግራ ቅንድቧ ብድግ ይላል፤ ጨርቅ ልትቆርጥ ስትልም እንዲሁ ነች። እሷ አታውቀውም። እሱም ማየቱን አያውቅም። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ፈራሁ። ያቺ ባለ ጃንጥላ ሴት ትዝ አለችኝ።

የፈተናው ዋዜማ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ እስቲ ዛሬ እኔ ይዤ ልልቀቃት።»

«ያዢያ! አንቺን ነው የምፈራው?»

ለቀቅኳት። ወደቀች። ሳቀ። ደግሜ ለቀቅኳት፤ ወደቀች። ሳቁን አቆመ።

«ልጅቷ ቸኩላ ነው» አለች እናቴ፣ ማስመሪያዋን ከእጄ ነጥቃ። እሷ ስትለቃት ጫፏ ላይ ለቀም አደረጋት። ማናችንም አልተደሰትንም። አባቴ እናቴን ብዙ ካያት በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ፊትሽን አዙሪ» አላት።

ወደ መስኮቱ ዞራ ለቀቀቻት። ማስመሪያዋ ወለሉ ላይ ተንጣጣች።

«ለካ ያንቺን ፊት ነው የማውቀው» አላት። «መንገድ የሚገባብኝ ሰው ግን ቅንድቡን አያነሳልኝም።»

እናቴ አለቀሰች። «ላግዝህ ብዬ እኮ ነው» አለችው። «መች ጠፋኝ» አላት፤ ጸጉሯ ላይ ያረፈውን ክር እየለቀመ።

በማግስቱ የፈተናው ክፍል አልገባም። በቀጥታ አለቃው ዘንድ ሄዶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከመሪ አንሱኝ አለ። ስምሪት ክፍል መደቡት፤ የትኛው አውቶቡስ በየት መስመር እንደሚሄድ የሚወስኑት ዘንድ። ለሰውም ለራሱም «ደረጃ አደግኩ» ይላል። እኛን ግን አልዋሸንም፤ ከፍቶት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ከሥራ ሲወጣ ጠብቄው አብረን ተሳፈርን። ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዘመን በዚያ መንገድ ሲመላለስ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየም ነበር። አሁን አንገቱን እንደ ሕፃን እያሰገገ ፎቆቹን ያያል።

«ሰው በረንዳው ላይ አበባ ይተክላል እንዴ!» አለኝ። እየተመለከተ፣ እየተመለከተ፣ ቀስ ብሎ ደመናው ውስጥ ገባ። ፊቱ እንዲያ ለስልሶ ካየሁት ቆይቷል። የመንገዱ መብራቶች አንድ በአንድ ጉንጩ ላይ ያልፋሉ።

አንድ ብስክሌተኛ ከቅያሱ ድንገት ወጣ። የአባቴ ቀኝ እግር ወለሉን በኃይል ረገጠ።

አውቶቡሱ ግን ቀድሞት ቆሞ ነበር። ብስክሌተኛው እጁን አንስቶ ይቅርታ እያለ ተሻገረ። አባቴ እግሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ እኔም እጁን ያዝኩት።