ቀስ ብሎ የሚናገረው ሰውዬ

አባቴ ዕድሜውን ወላይታ ውስጥ፣ በዴሳ ገበያ ላይ ከብት ሲገዛና ሲሸጥ ያሳለፈ ሰው ነው። ንግዱን ከተወ ወዲህ ሥራው ስልኩ ላይ የካውቦይ ፊልም ማየት ሆኗል፤ ያውም ጣሊያኖች የሠሯቸውን አሮጌዎቹን፣ አቧራና ላብ የሚበዛባቸውን። ሜሞሪ ካርዱን የሚሞላለት ባለ ሙዚቃ ቤት አዲስ ፊልም ከጫነበት «ይሄ መኪና አለበት» ብሎ ያስጠፋዋል። ቋንቋውን አይሰማም። ድምፁ በኋላ የተለጠፈ ስለሆነ የሰዎቹ አፍ ከተዘጋም በኋላ ንግግሩ ይቀጥላል፤ አባቴ ይህን የክፋታቸው ምልክት አድርጎ ነው የሚያየው።

እዚህ አገር ፊልም የሚያይ ሰው «አክተር» የሚለው ጀግናውን ብቻ ነው። አባቴ ከዚህ ተነስቶ የራሱ ድምዳሜ ላይ ደርሷል፦ አክተሩ አክተር ነውና ይተውናል፤ ክፉው ግን አክተር ስላልሆነ ክፋቱ የእውነት ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ አሳምኜ እወጣለሁ። እሱን ግን ስንት ዓመት ተከራክሬ አልቻልኩትም።

ክፉዎቹንም እንደ ከብት በደረጃ ከፋፍሏቸዋል። እየጮኸ ጠርሙስ የሚሰብረው ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ «ጉረኛ ነው፣ ጥይቱን በከንቱ ይጨርሳል» ይላል። እየሳቀ የሚገድለው ሁለተኛ ነው። አንደኛ ደረጃ፣ ከሁሉም ጨካኙ፣ ቀስ ብሎ የሚናገረው ነው። እሱ ደጅ መጥቶ ውኃ ይጠይቃል፣ ይጠጣል፣ ጣሳውን አመስግኖ ይመልሳል፣ ከዚያ ይተኩሳል። አባቴን የሚያንገበግበው መተኮሱ አይደለም፤ ማመስገኑ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ብሽሽቱ ላይ እባጭ ወጣበት። ሶዶ አምጥቼ ሳስመረምረው «ኸርኒያ ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው፤ ከዘገየ ግን አንጀቱ እዚያው ተይዞ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል» ተባልኩ። እዚያው ሆስፒታል ተኛ። በማግስቱ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ሊያየው መጣ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ዓይኖቹ ጠበብ ያሉ፣ ድምፁ ጆሮ ካልሰጡት የማይሰማ። አፉን በማስክ ሸፍኗል።

«አይዞዎት አባቴ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ትንሽ ነው የምቀደው።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር። የሆስፒታሉን ፒጃማ እንደለበሰ በባጃጅ መናኸሪያ ወርዶ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ በዴሳ ገብቷል።

ፈርቼ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስፈራ እቆጣለሁ። በሳምንቱ ሕመሙ ሲጠናበት ሄጄ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼበት፣ እየገፋሁ መለስኩት።

በዚህኛው ጊዜ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ዶክተሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አባቴ ጋ ሲገቡ ትንሽ ጮክ ብለው ቢናገሩ» አልኩት።

«ጆሯቸው አይሰማም?»

«ይሰማል። ጮክ ካሉ ግን ወደ ሦስተኛ ደረጃ ይወርዳሉ።»

ምን እንዳልኩት አልገባውም፤ ግን ሰው አክባሪ ነውና በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት አደሩ!» ብሎ አንባረቀ። አጠገባችን የተኙት በሽተኛ ከእንቅልፋቸው ዘለው ተቀመጡ። አባቴ ዘና ያለ መሰለኝ። በደስታ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲሮጥ ለቆየው ሐኪም በብርጭቆ ውኃ ቀዳሁለት። ማስኩን ዝቅ አድርጎ ጠጣ። ብርጭቆውን መለሰልኝና ቀስ ብሎ «አመሰግናለሁ» አለ።

«አየህ?» አለኝ አባቴ።

እኔና እሱ የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ ይህን ግን ሐኪሙም እንዲሰማ በአማርኛ ነው ያለው። አማርኛን የለመደው ከብት ተራ ነው። በእሱ አማርኛ ላሟም በሬውም «እሱ» ነው፤ እኔም ጭምር።

ዶክተሩ ግራ ገብቶት ምን እንዳጠፋ ጠየቀኝ። እያፈርኩ ስለ ክፉዎቹ ደረጃ ነገርኩት። ካውቦይ እያየ ያደገ ነው መሰል፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አክተሩ እርስዎ ነዎት። አክተር ደግሞ አይሞትም።»

አባቴ በሐዘኔታ ተመለከተው። «አክተርማ ልጁ ነው» አለ። «አባት መጀመሪያ ላይ ይሞታል። ሁልጊዜ። ልጁ ቆሞ ያያል። ከዚያ ፊልሙ እስኪያልቅ አይስቅም። እኔ አንተን አልፈራም፤ ቅደደኝ። ልጁ ግን ይውጣ።»

«የትኛው ልጅ?» ዶክተሩ ዙሪያውን ፈለገ።

«ይሄ» አለ አባቴ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «እሱ እያየ አይሆንም።»

አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሳቄ መጣ፤ መልሼ ያዝኩት። ለካ በዴሳ ድረስ የሸሸው ከቢላዋው አይደለም፤ ከእኔ ዓይን ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ቁጣ ጎረቤት ፊት ያወረድኩት ለእኔ ብሎ በሸሸ ሰው ላይ ነው። አባቴ የኦፕራሲዮኑ ፎርም ላይ ፈረመ፤ እኔም ወጣሁ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ይፈጃል ያሉት ሁለት ሰዓት ሆነ። አባቴ ስልኩን እኔ ጋ ትቶት ነበር፤ ከፈትኩት፣ ግማሽ ላይ የቆመ ፊልም መጣ፣ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ የኮሪደሩ በር ተከፈተ። ዶክተሩ ነው። ማስኩን እንዳጠለቀ፣ ዓይኖቹን አጥብቦ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ። በሕይወቴ አንደኛ ደረጃን እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ከአግዳሚው ተነሳሁ።

ማስኩን ዝቅ አደረገ።

«በደህና አልቋል» አለ ቀስ ብሎ። ፈገግም አላለም። «ልጁ አሁን ይግባ ተብሏል።»

ዕንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና፣ ገና ከበሩ ጀምሬ እንዲታየው ጥርሴን ገልጬ እየሳቅኩ ገባሁ።