ከወይራው ግራና ቀኝ

ክርክሩን የጀመረው እሱ ነው፤ ይህን ሰው ይወቅልኝ። ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት እሱ ፊዚክስ፣ እኔ ሒሳብ እናስተምር ነበር። ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቼ እሺ ካሉት በኋላ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለችው ጉብታ ላይ እንቀመጣለን። ገብተን እንዳናስቀድስ ዘመኑ የደርግ ነው፤ መምህር ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ከታየ፣ ሰኞ ካድሬው ስብሰባ ላይ ያነሣበታል። እኛም ከሩቅ ተሳልመን ሰው እናያለን።

ሰዉ በምዕራቡ በር ተጋፍቶ ይገባል። ከበሩ አለፍ ብሎ መሐል መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ። እዚያ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ለሁለት ይከፈላል፤ ወንዱ ወደ ግራ ወደ ሰሜኑ ወገን፣ ሴቱ ወደ ቀኝ ወደ ደቡቡ። አንድ ቀን የኔው ሰው ይህን አይቶ ብድግ አለ።

“አየሽ! ይኼ እኮ ኤሌክትሮን ነው!”

“በስመ አብ! ምእመን ነው እንጂ ምን ኤሌክትሮን ነው?” አልኩት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ ከሶቪየት የመጣ አስተማሪ ነግሯቸው ኖሯል። ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል፣ ሽክርክሪት የሚመስል የራሱ ጠባይ አለው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። በብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፣ ማግኔት እንኳ ሳይጠጋቸው፣ አንዱ ዓይነት ወደ አንድ ጎን፣ ሌላው ወደ ሌላ ጎን ዘወር ይላል። በወረቀት ተጻፈ እንጂ በብረት ውስጥ በዓይኑ ያየው ገና የለም አለኝ። ጠቡ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው። ዘወር የሚያደርጋቸው የብረቱ የራሱ ተፈጥሮ ነው ወይስ ብረቱ ውስጥ የተሰነቀረ ባዕድ አተም?

“ባዕዱ ነው” አለ። “ወይራውን አታይም? እሱ ጋ ሲደርስ ነው እያንዳንዱ ወገኑን የሚይዘው። ዛፉ ባይኖር ሁሉም ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር።”

እኔ ደግሞ እሺ ማለት አልፈጠረብኝም። “ዛፍ ምን ያውቃል? ሴቷ ወደ ቀኝ የምትሄደው እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ሳለች ጀምሮ ለምዳው ነው። የሚመራት የቦታው ሥርዓት ነው። ብረቱም ያው ነው፤ ንጹሕም ቢሆን የራሱ አሠራር ያዞራቸዋል” አልኩት። ሌሎቹ መምህራን “በዛፉም ሆነ በልማዱ፣ ያው አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ምን ያከራክራችኋል?” እያሉ ይስቁብን ነበር። እኛ ወይ ፍንክች!

“ዛፉን ቆርጦ ማየት ነበር” ይላል።

“የቤተ ክርስቲያን ወይራ? እጅህ ይቆረጣል! አፍህን ያዝ!” እለዋለሁ።

ያም ሆኖ ተወራረድን። እሱ ካሸነፈ ስንጋባ እናቱ ዘንድ ወገዳ እንኖራለን፤ እኔ ካሸነፍኩ እኔ አገር እስቴ። ያን ዳገት ቁልቁለቱ የማያልቅ የወገዳን መንገድ ሳስበው ማሸነፍ ነበረብኝ።

ሠርጋችን ሳይደርስ ወሰዱት። ኤሌክትሪክ ያውቃል ብለው ለሬዲዮ ሠራተኛነት ወደ ሰሜን ጦር ግንባር። መኪናው ላይ ሆኖ “ዛፉን ጠብቂልኝ!” ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። ቆይቶ አንድ ቁስለኛ ወታደር ወደ አገሩ ሲያልፍ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስጠራኝ። “ወይራው ቆሟል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል” አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

በበጋው ንፋስ ወይራው ከነሥሩ ተነቅሎ ወደቀ። ካህናቱ ግንዱን ካስነሡ በኋላ፣ እሑድ ብቻዬን ጉብታዋ ላይ ወጣሁ። ሰዉ ገባ፤ ዛፉ የነበረበት ጋ ደረሰ፤ አልተከፈለም! ወንድና ሴቱ እንደተደባለቀ አለፈው። ክው አልኩ። ወደ ቤተ መቅደሱ ሲቃረቡ ግን ወንዱ ወደ ግራ፣ ሴቱ ወደ ቀኝ ቀስ በቀስ ተለየ። አሸንፌያለሁ። ግን ደግሞ አስቀድሞ የሚለያቸው ወይራው ኖሯል፤ ግማሹ የእሱ ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታየኝ።

ከቅዳሴ የወጡ አንዲት መነኩሴ አጠገቤ ቆሙ። “ልጄ፣ የምታይው የወደቀውን ዛፍ ነው ወይስ የሄደውን ሰው?”

“ሁለቱንም፣ እማሆይ።”

“እግዜር ያምጣልሽ” ብለውኝ አለፉ።

ደርግም ወደቀ። የተበተነው ወታደር እየተንጠባጠበ ወደየቤቱ ሲገባ፣ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ የስንቱን ፊት አየሁ! እሱ አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳኝም የለም። አሁን ካድሬ አያየኝም፣ ገብቼ አስቀድሳለሁ። እግሬ ሳላዝዘው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ዓይኔ ግን ወደ ወንዶቹ ወገን ነው።

ከስንት ዘመን በኋላ ያ የኤሌክትሮኖቹ ነገር በብረት ውስጥም እንደታየ አነበብኩ። ምክንያቱም አንድ አይደለም፤ እንደ ብረቱ ዓይነትና እንደ ንጽሕናው፣ አንዳንዴ ተፈጥሮው፣ አንዳንዴ ባዕዱ፣ አንዳንዴም ሁለቱም ነው ይላል። ውይ፣ ይህን ቢሰማ! እንግዲህ ግማሽ ለግማሽ ከሆነ ውርርዱ አልተፈታም፤ የት እንደምንኖር አልተቆረጠም። ብቻ ይምጣ እንጂ፣ ወገዳ እሄዳለሁ።