አበልጄ ያልተሳፈረበት ሄሊኮፕተር

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ስንኖር ነው። ዛሬም ሄሊኮፕተር በላዬ ሲያልፍ ትዝ የሚለኝ ልጄን እንዳቀፈ ሰማይ ሰማዩን ያይ የነበረ አንድ ሰው ነው። ያን ሰው ክፉኛ ጠርጥሬው ነበር።

ሃምሳ አለቃ ይልማ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የጦር ሄሊኮፕተር ጠጋኝ ሲሆን ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔና ባለቤቴ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን። ባለቤቴ በዚያ ላይ የፋብሪካው የፖለቲካ ውይይት ክበብ መሪ ነው። ክበቡ ውስጥ ሃይማኖትን ሲያብጠለጥል ይውልና ቤት ሲገባ ሳያማትብ እንጀራ አይቆርስም።

ወንድ ልጅ ስወልድ ባለቤቴ «በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣ፤ ወሬው ግን ከግቢ እንዳይወጣ» አለኝ። የክርስትና አባት እንዲሆነን ይልማን ለመንነው። እሱም ወታደር ነውና ቤተ ክርስቲያን መታየቱን አለቆቹ አይወዱለትም። ቢሆንም እሺ አለን።

አርባው ደረሰና ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ይልማ ልጁን ታቅፎ ቄሱ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ሄሊኮፕተር በላያችን አለፈ። ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጄን ሊጥልብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ድምፁ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ እየራቀ ሄዶ ጠፋ፤ እሱ ግን ዓይኑን ከሰማዩ አልመለሰም። «እክሕደከ ሰይጣን» ብሎ ሰይጣንን እንዲክድ ቄሱ ደጋግመው ነገሩት።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን ሞላው። ሄሊኮፕተሩ ሐይቁ ላይ ወድቋል፤ የተረፈ የለም። ራዲዮኑ ትንፍሽ አላለም። መንግሥት ዝም ሲል ሰው የየራሱን ይጨምራል። አንዱ «መትተው ጣሉት» ይላል፣ ሌላው «አሻጥር ነው» ይላል። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ነገር ከተነሣ ተጎትቶ የሚወሰድ ሰው አይጠፋም።

የተወሰደው ይልማ ነው። ሄሊኮፕተሩን የጠገነው እሱ ነበር። በእነሱ ሥራ ደግሞ የጠገነ ሰው በመጀመሪያው በረራ አብሮ ይሳፈራል፤ ለሥራው ነፍሱን ዋስ ያቆማል እንደማለት ነው። ይልማ ግን «ጥርሴን አሞኛል» ብሎ ቀረ። በእሱ ፈንታ የተሳፈረው ካሳ የሚባል የሥራ ጓደኛው ሞተ።

ይህን ስሰማ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ፊቴ ድቅን አለ። የሚሆነውን ካላወቀ ለምን ተንቀጠቀጠ? ሰማይ ሰማዩንስ ምን አሳየው? እሺ ያለን ለእኛ ብሎ ነው ወይስ መቅሪያ ሰበብ አግኝቶ? ልጄን ያስታቀፍኩት ለነፍሰ ገዳይ ይሆን እያልኩ እህል ውሃ አስጠላኝ።

አንድ ነገር ግን አልገጥም አለኝ። ያን ጠዋት የት እንደነበረ ሲጠይቁት «ቤቴ ተኝቼ» ብቻ ነው የሚለው አሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ማልዶ ሲወጣ ማየቷን ተናግራለች። በውሸቱ ሊገደል ነው። እውነቱን ቢናገር ባለቤቴ ያልቅለታል። ዝም ያለው ለእኛ ሲል መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ባለቤቴ «እባክሽ፣ ልጅ አለን» አለኝ።

«ልጁንስ ያነሣልን ማን ሆነና!» ብዬው ሕፃኑን ታቅፌ ወጣሁ።

መርማሪው ፊቱ የማይፈታ መኮንን ነበር። ይልማ ልጄን ክርስትና ሲያነሣልኝ እንደነበረ ነገርኩት።

«ቀኑን የመረጠው እሱ ነው?» አለኝ።

«ማንም አልመረጠው፣ ጌታዬ። ወንድ ልጅ ወለድሁ፤ አርባው ያን ቀን ዋለ።»

«በሌላ ቀን አታደርጉትም ነበር?»

«የወንድ ልጅ አርባ ይዛወራል እንዴ? እርስዎስ በስንት ቀንዎ ነው የተነሡ?»

የሕፃኑን የአንገት ማተብ ብዙ አየው። ከዚያ የት እንደወለድኩ ጠየቀኝ። ሐኪም ቤት ነው አልኩት። ልኮ አስጠየቀና የልደቱ ቀን እንዳልኩት ሆነ።

በኋላ ስብርባሪው ከሐይቁ ወጥቶ ተመረመረ። የጅራቱን ተሽከርካሪ የሚያዞረው የብረት ዘንግ ተሰንጥቆ ኖሯል። ይልማ የነካው ክፍል አልነበረም። ፈቱት። ባለቤቴን ከክበቡ መሪነት አወረዱት እንጂ ከዚያ የከፋ አልመጣበትም።

ይልማ ከስቶና ጠቁሮ ተመለሰ። ደስ ቢለኝም ጥርጣሬዬ ጨርሶ አልለቀቀኝምና ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «አበልጅ፣ ምነው ያን ጊዜ ሰማይ ሰማዩን ታይ የነበረ?»

«ድምፁ ልክ አልነበረም» አለኝ። «ጅራቱ ጋ የሚያንቋርር ነገር ሰማሁ። ልሮጥ አሰብኩ፤ ግን ሕፃኑ እጄ ላይ ነው፣ ቄሱም ክህደቱን እያስባሉኝ ነው። ብሮጥስ ማን ይደርስበታል? ካሳ እኮ እዚያ ላይ ነበር።»

በየዓመቱ የልጄ ክርስትና ቀን ሲደርስ ይልማ መጀመሪያ ያችው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለካሳ ጸሎት ያስደርግ ነበር። ከዚያ መጥቶ ልጁን ይስማል። አሁን እሱም አርፏል። ልጄ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ሄዶ በጸሎት እንዲያስቧቸው የይልማንና የካሳን የክርስትና ስም ለቄሱ ይነግራል።

እኔ ደግሞ ሄሊኮፕተር በመጣ ቁጥር ቀና ብዬ ድምፁን አዳምጣለሁ። ልክ ይሁን አይሁን የማውቀው ነገር የለም። እስኪርቅ ድረስ ግን ከቆምኩበት አልንቀሳቀስም።