ለድንች ገበያችን የተቀመጥነው ለቅሶ

ከአንድ ማመልከቻ በቀር በሕይወቴ ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር የተቀቀለ ድንች እንፋሎት ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ፣ ያ ዓመት ይመለስብኛል።

ቤታችን ከኮሶዬ ከፍ ብሎ፣ በደባርቅ መንገድ ዳር ነበር። እናቴ ጉሙ ሳይገለጥ ተነስታ ድንቹን ቀቅላ፣ እንዳይበርድ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አዋዜውን በጣሳ ይዛ ትወጣና አውቶቡስ ሲቆም ከመስኮት ወደ መስኮት እየሮጠች ትሸጥ ነበር። አባቴ ሞቶ ስለነበር የምንበላውም፣ የእኔ ደብተርም ከዚያ ድንች ነበር የሚወጣው። እኔ ግን ከኋላዋ ቆሜ «ድንች!» ማለት እንኳ አፍር ነበር።

አራተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በነሐሴ፣ ቀበሌው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። እንደ እናቴ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ሴቶች ማንበብ የምትችል አልነበረችም። የሁሉም አንጋፋ የነበረችው እትዬ ብርቄ እጄን ይዛ ወሰደችኝና «በይ እስቲ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። በመንገድ ዳር ምግብ መሸጥ የሚከለክል ረቂቅ ደንብ ነበር፤ ሻጭ ሁሉ ቁልቁል አንድ ሰዓት ወደሚያስኬድ፣ አውቶቡስ ወደማይደርስበት የታጠረ ሜዳ ይውረድ ይላል።

ተከትላን የመጣችው እናቴ ቀስ ብላ «እንግዲህ ትምህርትሽም ቀረ» አለች።

እኔ ግን ከታች በደቃቁ የተጻፈውን ቀጠልኩ። ደንቡ ሳይጸድቅ የሕዝብ ስብሰባ ይደረጋል፣ ቅሬታ ያለውም በጽሑፍ ያቅርብ ይል ነበር።

«አቅርቡ ካለማ እናቀርባለን» አለች እትዬ ብርቄ።

መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ፣ ከጎንደር ጨርቅ እያመጣ የሚሸጠው አያ ሰይድ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዞልን መጣ። ሴቶቹ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ፤ ከዚያም ቤት ለቤት እየዞርን ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ሾፌሩም ፈረመ፣ መጻፍ የማይችለው አውራ ጣቱን አተመ። የእናቴ ተራ ሲደርስ አያ ሰይድ «ይቺ ጣት አዋዜ ነክታለች፣ ሹሙን እንዳታስነጥሰው!» ብሎ አሳቀን።

ከመስቀል በኋላ የወረዳው ሹም ለስብሰባ እንደሚመጣ ተነገረ። ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይ እንዝጋ ሲሉ እትዬ ብርቄ ተቆጣች።

«ድንጋይ ካየ ፖሊስ ይጠራል። ለቅሶ ካየ ግን፣ የሰው ልጅ ከሆነ ይቀመጣል።»

በቀኑ ሴቶቹ ሁሉ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባዶ ቅርጫታቸውን ፊታቸው ደርድረው፣ ስብሰባው ከሚደረግበት ትልቅ ጥድ ሥር መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ሹሙ ከመኪናው ወርዶ ሲያያቸው ደነገጠ። ስብሰባውን ረስቶ ቆቡን አወለቀ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎም እንደ አገሩ ወግ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ በዝግታ ጠየቀ።

«ማን አርፎ ነው?»

«ገበያችን ነው፣ ጌታው» አለች እትዬ ብርቄ። «ገና አልተቀበረም። ደንቡ ሲጸድቅ ይቀበራል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። የሹሙ ፊት ቀላ፤ ግን ከለቅሶ ወዲያው መነሳት ነውር ነውና አልተነሳም። ያኔ እትዬ ብርቄ ከጀርባዬ ገፋ አደረገችኝ። ማመልከቻውን ማንበብ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፣ «ድንች የምንሸጠው ልጆቻችን እንዲማሩ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ከጥዱ ባሻገር ተሰማ። ሹሙ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ጣት የታተመበትን ገጽ ሲያገላብጥ ቆየና «ሐዘናችሁን ይዤ ወረዳ እገባለሁ» አለ።

ጥር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ጠዋት፣ በዚያው በር ላይ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። ሁሉም እንዳነብላቸው ከበቡኝ።

«ቀርቷል! ደንቡ ቀርቷል!»

በሕይወቴ የመጀመሪያው ጩኸቴ ነበር። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ መንገድ ላይ የቆመው አውቶቡስ ተሳፋሪም ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ። እናቴ የዚያን ቀን ድንቹን በነጻ አደለችው።

ዛሬ በዚያው ቦታ የምሸጠው እኔ ነኝ። ወረቀት ሲለጠፍ የሚያነቡ ልጆች ሞልተዋል፣ ያኔ እኔ ብቻ ነበርኩ። እትዬ ብርቄ አምና አረፈች። በመጨረሻው ቀኗ ልጠይቃት ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። እጄን ለቀቀችና፣

«ምነው ተቀመጥሽ? ድንቹ ሳይበርድ ሂጂ» አለችኝ።