ለምርቃት የተዘረጋ እጅ

ስብሰባ የሚጠራ ሹም ሰው መስማት የሚሻ ነው ብዬ የማምንበት ጊዜ ነበር። ያ እምነት የተለየኝ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው የትውልድ መንደሬ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ነው።

ከመንደሩ በታች የወል ጨፌ አለ። በጋ ገብቶ ተራራው ሁሉ ሲገረጣ የእርሻ በሬዎች ነፍሳቸውን የሚያቆዩት በእርሱ ነው። ከከተማ የመጡ አንድ ሹም ይህን ጨፌ ለስብሰባ አዳራሽ ፈለጉት። በሬ የሚውልበት ጠፍቶ ሰው የሚሰበሰብበት ሊሠራ! የወል መሬት ደግሞ ያለ ነዋሪው ስምምነት አይነካምና፣ ስምምነቱን ለመውሰድ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። እኔም ከማስተምርበት ከሰቆጣ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር ከተሰብሳቢው ጋር ተቀመጥሁ።

ሹሙ ብዙ ተናገሩ። ስለ ግንዛቤ፣ ስለ ባለቤትነት፣ ስለ ርብርብ አወሱ፤ ሁሉም በሬ የማይግጣቸው ቃላት ናቸው። ሲጨርሱ የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ የሆኑት አጎቴ ተነሡ።

«ጌታው፣ አዳራሹ ይሠራ፤ አንጠላም። ግን እዚያ ማዶ ጭንጫው ላይ ይሁን። ሣር ጭንጫ ላይ አይበቅልም፤ ስብሰባ ግን የትም ይበቅላል።»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ የባሰ ነገር ጣል አደረገ። ሹሙ ቀና ብለው «ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዕድሜ ይስጥዎ ነው የሚለው» አለ አጠገቡ የተቀመጠው። ሳቁ እጥፍ ሆነ።

ከአጎቴ በኋላ የተነሣው ሁሉ ያንኑ ደገመ፤ ጨፌው አይነካ። ሹሙ «አስተያየታችሁ ተወስዷል» ብለው ወረቀታቸውን አጠፉና፣ «በሉ አባባ፣ ይመርቁንና እንለያይ» አሉ።

በእኛ አገር ጉባኤ ሳይመረቅ አይበተንም። የተካሰሱ ሰዎች እንኳ ነገራቸው ባያልቅ ተመርቀው ነው የሚለያዩት፤ ሳይመረቅ የተነሣ ጉባኤ ዝናብ ያርቃል ይባላል። አጎቴ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «መንገዳችሁን ያቅናው፤ ከክፉ ይሰውራችሁ፤ ዝናሙን በወቅቱ ያውርድልን» አሉ። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን «አሜን» አልን። ፎቶ አንሺው ድንጋይ ላይ ወጥቶ አነሣን። በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል አንዴም ካሜራውን ከአንገቱ አላነሣም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ጨፌው ላይ ችካል ተተከለ። አጎቴ ሰቆጣ መጡ፤ በባጃጅ ይዣቸው ወደ ሹሙ መሥሪያ ቤት ሄድን። ፎቶው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ድጋፉን ሲገልጽ» የሚል ጽሑፍ አለበት።

«አባባ፣ ይኸው እኮ እጅዎ» አሉ ሹሙ በጣታቸው እያሳዩ። «ከሁሉም ከፍ ያለው የእርስዎ ነው።»

«ስመርቅዎ ነው እንጂ!»

«ታዲያ ሐሳቡን የማይደግፉትን ሰው ይመርቃሉ?»

«መንገደኛ ነዎት። መንገደኛ ደግሞ ባለጋራም ቢሆን ይመረቃል።»

ሹሙ በትዕግሥት ፈገግ አሉ፤ ትዕግሥታቸው ከስድብ የከፋ ነበር። ሌባ ቢያንስ ፊቱን ይሸፍናል፣ ባለቤቱም እስኪተኛ ይጠብቃል። እኒህ ግን በጠራራ ፀሐይ መጥተው፣ የሚወስዱትን ነገር ባለቤት አስመርቀው ይሄዳሉ። የሚያስቀኝም የሚያስመርረኝም ለሕጉ ያላቸው አክብሮት ነው። ሕጉ ስምምነት ይጠይቃል፤ እሳቸውም በታማኝነት የስምምነት ፎቶ አቀረቡ። በፎቶው ውስጥ እኔም አለሁ። ስለ ፍትሕ ይህን ያህል መጻሕፍት ያገላበጡ እጆቼ ከሌሎቹ እኩል ተዘርግተዋል፤ ምን እየተደረገ እንደሆነ ከማንም ቀድሞ ሊገባኝ ሲገባ፣ «አሜን» ለማለት ቸኩዬ ነበር።

ያን ዕለት ለአጎቴ አቤቱታ ጻፍሁላቸው። የበላይ አካሉ ጉዳዩን አይቶ «ነዋሪው እንደገና ይጠየቅ» ሲል ወሰነ። ስለዚህ ሹሙም ፎቶ አንሺውም ወደዚያው ወይራ ሥር ተመለሱ። ሰዉ እንደ ፊተኛው ጨፌው አይነካ አለ፤ ሹሙም እንደ ፊተኛው «አስተያየታችሁ ተወስዷል» አሉ። ከዚያም ወደ አጎቴ ዞሩ።

«በሉ አባባ፣ እንደ ልማዳችን ይመርቁና።»

ፎቶ አንሺው ድንጋዩ ላይ ወጣ። አጎቴ ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ እጆቻቸው ጋቢያቸው ውስጥ ናቸው።

«ዛሬ የለኝም።»

«እንዴ፣ ምርቃት ያልቃል እንዴ አባባ?»

«አያልቅም። ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ግን ይበላሻል።»

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ በዕድሜያቸው ሳይመረቅ የተበተነ ጉባኤ አላዩም። ፎቶ አንሺው ጥቂት ቆይቶ ከድንጋዩ ወረደ። እንግዶቹም መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ፎቶ አልተገኘምና ስምምነትም አልተገኘም። ችካሎቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ በሬዎቹ ይታከኩባቸዋል።

በዚያ ቀን ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ አጎቴን ከወይራው ሥር ቆመው አገኘኋቸው። መኪናው ቁልቁለቱን ታጥፎ እስኪሰወር በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ እጆቻቸውን ከጋቢው አውጥተው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እንዳየኋቸው ሲያውቁ አፈሩ።

«ምን ላድርግ ልጄ» አሉኝ፤ «መንገዱ ገደል ነው።»