አረቄ ጠጪው መኪናና የሞተው ሾፌር

እኔ የይፋግ ልጅ ነኝ። እናቴ በአረቄ ማውጣት የታወቀች ነበረችና ሞያውን ከእሷ ተማርሁ። ከደብረ ታቦር ወረድ ብሎ ካለ ሰፈር ለአንድ እንጨት ሰንጣቂ ልጅ ስዳር ግን አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ይህን ሰምተው አኩርፈው ነበር። «ሙሽራ አምጡ ብል የአረቄ ጋን ታመጡብኝ?» አሉ አሉ። ያኔ ጣሊያን አገሩን ከያዘ ሰንበት ብሏል።

የአማቴ ሥራ ግንድ ሰንጥቆ ሳንቃ ማድረግ ነው። ግንዱን ከፍ ካለ ርብራብ ላይ ያጋድሙትና እሳቸው ከላይ፣ ባሌ ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ይጎትታሉ። ከላይ ያለው ሰማይ ያያል፣ ከታች ያለው ብናኝ ይበላል። ባሌ «አባባ፣ አንድ ቀን እንኳ እንቀያየር» ሲላቸው «እኔ ከታች ከሆንሁ መስመሩን ማን ያየዋል?» ይሉታል። መስመሩ ግን ሁልጊዜ ጠማማ ነበር። በሰፈሩ ያለ በር ሁሉ የእሳቸው ሥራ ስለሆነ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው፤ ሰዉም ለምዶት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይገባ ነበር።

አንድ የክረምት መግቢያ ቀን የጣሊያን መኪኖች ተከታትለው ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ የመጨረሻው መኪና ከአጥራችን ሥር ካለው ቦይ ገባ። ጎማውን የሚሸከመው ባሌስትራ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አለቃቸው ወርዶ አየና ሾፌሩ ላይ ጮኸበት። እስክንመለስ ከዚህች እንዳትነቃነቅ ማለቱ እንደ ነበር በኋላ ገባን። ሌሎቹ ሄዱ። በማግሥቱ አልመጡም፤ በሳምንቱም አልመጡም። አርበኞች መንገዱን ዘግተውት ኖሯል።

ሾፌሩ አጠር ያለ፣ ጆሮው ትልልቅ ጎልማሳ ነበር። ዝናብ ቢዘንብ ቢያባራ ከመኪናው አልወርድም አለ። የባሌ እናት በአጥሩ ላይ ሆነው አዩትና «ጠላትም ቢሆን የሰው ልጅ ነው። ደጃችን ላይ ርቦት ቢሞት ሬሳውን ማን ሊያነሣው ነው?» ብለው እንጀራ በሽሮ ሰጡኝ፤ በመኪናው መስኮት አቀበልሁት። እየዋለ እያደረ አንድ እግሩን አወረደ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ በመጨረሻ ከምድጃችን ዳር መጣ። መኪናውን ካላየ ግን አይቀመጥም። ለእሱ ሲባል በሩ ተከፍቶ እየዋለ ያን ክረምት ሁላችንም በብርድ አለቅን።

አማርኛ ቶሎ ያዘ፤ ነገር ግን ለውሻችን «አንቱ»፣ ለአማቴ «አንቺ» ይላል። «አንቺ ደህና አደርሽ?» ሲላቸው አማቴ ዱላቸውን ይፈልጋሉ። ባሌ ሊያርመው ብዙ ደከመ። ታርሞ ውሻውንም አማቴንም እኩል «አንቱ» ማለት ጀመረ። አማቴ ይህን ጊዜ «ከውሻ ጋር እኩል ከመከበር አንቺ መባል ይሻለኛል» ብለው ወደ ቀድሞው እንዲመለስ ፈቀዱለት።

የመኪናው ጭነት ደብረ ታቦር ላለው ምሽግ የሚሄድ ነበር። ከጭነቱ መካከል ሰፌድ የሚያህል፣ ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ ክብ መጋዝ አለ። አማቴ እሱን ካዩ ወዲያ ምግብ አልወርድላቸው አለ። አንድ ቀን ሾፌሩን ይዘው ተቀመጡ።

«ያን መጋዝ አውርድልኝ።»

«አይቻልም። መንግሥት ነው።»

«መኪናውስ?»

«መኪናም መንግሥት ነው።»

«አንተስ?»

ደረቱን መታ አድርጎ «እኔም መንግሥት ነው» አለ።

ይሁን እንጂ ሞተሩ እንዳይደርቅ በየጊዜው ማስነሣት፣ ጭነቱንም ከዝገት መጠበቅ ግዴታው ነበር። አማቴ ይህን አውጣጡት።

«ሞተሩ ሲነሣ ጎማው ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«ጎማው ላይ ጠፍር ቢጠመጠም ጠፍሩስ?»

«ይዞራል።»

«ጠፍሩ መጋዙን ቢያዞረው መጋዙ ይዝጋል?»

«አይዝግም።»

«እየዞረ ሳለ ድንገት ግንድ ቢያገኘውስ?»

ሾፌሩ ዞሮ ርብራቡ ላይ ያለውን ግንድ አየ። «ግንድ መንግሥት አይደለም» አለ።

በማግሥቱ የመኪናውን የኋላ አንድ ወገን በክሪክ አነሡት፤ ጎማውን አውልቀው በባዶው ቸርኬ ላይ ከበሬ ቆዳ የተበጀ ረጅም ጠፍር ጠመጠሙ፤ የጠፍሩን ሌላ ጫፍ ከክቡ መጋዝ ጋር አያያዙት። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። የመጀመሪያው ግንድ መጋዙን እንደ ነካ ወደ ኋላ ተወርውሮ የዶሮዎቹን ቆጥ ይዞት ሄደ። ሁለተኛው ግን ጮኸና ለሁለት ተከፈለ፤ እንደ ብራና የለሰለሰ ሳንቃ ወጣው። አማቴ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ባሌም ከዚያን ቀን ጀምሮ ብናኝ መብላት ተወ። ሾፌሩ ብናኙን «ሰጋቱራ» ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው ማለት ለመድን።

ችግሩ የመጣው ሰዎች ሳንቃውን ወስደው ሲመልሱት ነው። አንዱ ጎረቤታችን በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ «ይህ ነገር ቀጥ ብሏል» አለ።

«ታዲያ ቀጥ ማለቱ ነውር ነው?» አሉ አማቴ።

«የኔ በር ዘንበል ያለ ነው፤ እርስዎ ነዎት የሠሩት። አይገጥምም።»

ስለዚህ ባሌና ሾፌሩ ግንዱን እያጋደሉ በሞተር ኃይል ጠማማ ሳንቃ ማውጣት ተማሩ። ከሁሉ የከበደው ሥራ ይህ ነበር።

ጥቅምት ሳይወጣ ቤንዚኑ አለቀ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ዋለ። እኔ ያን ዕለት ለበዓል የሚሆን ዳግም አረቄ እያወጣሁ ነበር፤ ዳግም የሚባለው ሁለት ጊዜ የወጣው፣ ደረት የሚያቃጥለው ነው። ሽታው ደረሰውና ከመኪናው ወርዶ መጣ፤ ጣቱን ነክሮ ወደ ምድጃው ቢያንጠባጥብ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ። «ይሄ! ይሄ!» እያለ ዘለለ። እኔ ጠጥቶ የሰከረ መስሎኝ ደነገጥሁ።

የሞተሩን ሆድ ዕቃ ፈትቶ ሲነካካ ዋለና አረቄውን ሞላው። መኪናው አሳለው፣ አስነጠሰው፣ ከዚያ እንደ ወትሮው አጓራ። አማቴ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ስትመጭ አንድ ክፉ ነገር ተናግሬ ነበር፤ እግዜር አይስማብኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሳንቃ የፈለገ ሁሉ ዳጉሳ ተሸክሞ ይመጣል፤ ዳጉሳው አረቄ፣ አረቄው ሳንቃ ይሆናል። መኪናው በሚሠራበት ቀን የሰፈሩ ወንዶች ጭስ ከሚወጣበት ቧንቧ ኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዳንዶቹ እየተንገዳገዱ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባታችን መጡ። መኪናውን ዞር ዞር ብለው አዩና «በጾም ከማለዳ ጀምሮ ይጠጣል የሚባለው እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ብረት እኮ ነው፣ አባ» አለ ባሌ።

«ብረት መሆኑንማ አያለሁ። ግን ምእመኑ ከኋላው ቆሞ ያሸታል።»

አስበው አስበው ቅዳሴ ሳይወጣ እንዳይጠጣ ፈረዱ። በዚያ ጾም መጋዛችን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ ሠራ። ሾፌሩም አብሮ ጾመ፤ መኪናው ሳይቀምስ እኔ አልቀምስም አለ።

አርበኞችም አንድ ቀን መጥተው ነበር። መሪያቸው ሾፌሩን ባየ ጊዜ ጠመንጃውን አነሣ። የባሌ እናት ከመካከላቸው ገብተው «እንግዳዬ ነው! መኪናውም እግሩ የተሰበረ ነው!» አሉ። ሰውዬው መኪናውን አየ፤ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ሳንቃ የሚሰነጥቅ፣ አረቄ አረቄ የሚሸት መኪና። ሳቁ መጣና ጠመንጃውን አወረደ። የጠመንጃው ሰደፍ ተሰንጥቆ ኖሮ ከወይራ አዲስ እንዲሠራለት አዝዞ ሄደ። አዲሱን ሰደፍ ያወጣለት ያው ሾፌር ነው።

ከዚያ መንገዱ ለጥቂት ቀን ተከፈተና አንድ የጣሊያን መኮንን አስተርጓሚና ወታደሮች ይዞ ከምሽጉ ወረደ። ሾፌሩ ሰጋቱራውን ከላዩ አራግፎ እየሮጠ ሄደና ሰላምታ ሰጠ። መኮንኑ እሱን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ። በአገራቸው ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ። አስተርጓሚው ወደ አማቴ ዞሮ «ይህ ሰው ሞቷል ይላሉ ጌታው» አለ።

«የትኛው ሰው?»

«ይሄ።»

«መቼ?»

«ሽፍቶች መኪናውን ባቃጠሉት ጊዜ።»

አማቴ መኪናውን አዩ። ሞተሩ ገና አልጠፋም፤ ይንተፋተፋል። «መኪናውም ሞቷል?»

አስተርጓሚው ጠየቀ። «አዎ፣ መኪናውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ መኮንኑ የጠፋውን መኪና ተቃጥሏል፣ ሾፌሩም በጀግንነት ወድቋል ብሎ ለበላዮቹ አሳውቋል። ለእናቱም ተነግሯቸው ኒሻን ተልኮላቸዋል። አሁን በሕይወት አለ ቢል ውሸታም ሊባል ነው፤ የተሰጠ ኒሻን ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ከጎንደር ሌላ ቃል እስኪመጣ ድረስ ሾፌሩ እንደ ሞተ እንዲቆይ አዘዘው። ሾፌሩ አንድ ነገር ብቻ መልሶ መላልሶ ይጠይቅ ነበር፤ «እናቴ ምን አለች?» ነው የሚለው፣ አለን አስተርጓሚው። መኮንኑ አላወቀም።

ከመሄዱ በፊት ሥራ አዘዘን፤ ለሞቱት ወታደሮች ለእያንዳንዳቸው የመቃብር መስቀል፣ ለዚህኛውም ጭምር። ሾፌሩ የሌሎቹን ከጥድ ሰነጠቀ። የራሱ ላይ ሲደርስ ጥዱን አገላብጦ አየና «ይሄ ይሰነጠቃል» ብሎ ወይራ መረጠ። ከቁመቱ ጋር አለካካው፤ ትንሽ ረዘም አድርጎ ቆረጠው።

የባሌ እናት ግን ያን ቀን እህል አልቀመሱም። «እናቱ ባሕር ማዶ ብቻዋን ታለቅሳለች። እኛ አብረነው እየበላን ዝም ብለን እንቀመጥ?» አሉ። አማቴ «ሰውዬው እኮ በሕይወት አለ!» ቢሉ «ለእኔና ለአንተ አለ፤ ለእሷ የለም» አሏቸው። ልቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። አልቃሿ የሟቹን ዘር ማንዘር ስለማታውቅ ለመኪናው ገጠመች፤ ዳገት የማይፈራ፣ አረቄ የማይጥለው እያለች። ሾፌሩ ጩኸቱን ሰምቶ ከመጋዙ ዘንድ መጣ። ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ አልሁት።

ከሰዎቹ መካከል ገብቶ ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጡት፤ በላ። ግራ ቀኙን አየ፤ የባሌ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «የኔ እናት፣ የኔ ምስኪን» እያሉ የማያውቋትን ሴት ሲያለቅሱላት አየ። ያን ጊዜ ንፍሮውን መሬት አስቀመጠና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሰው ሲበተን በየተራ እየመጣ እጁን ያዘው፤ ለሟቹ ራሱ «እግዜር ያጥናህ» እያለ ሄደ። የሳቀ ሰው አላየሁም። እኔ የሳቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ለልጆቼ ስነግራቸው ነው።

በሁለተኛው ክረምት ምሽጉ እጁን ሰጠ። ሾፌሩ ተላጨ፣ የካፖርቱን ቁልፎች ቆለፈ፣ የባሌን እናት ጉልበት ሳመና ከጓደኞቹ ጋር ሊማረክ ሄደ። እየተላቀስን ሸኘነው። ለእራት ተመለሰ።

«ምነው?» አልነው።

«አልወሰዱኝም።»

መኮንኑ የራሱን ሰዎች ቆጥሮ ሲያስረክብ ቁጥሩ ሙሉ ሆነ። ይሄኛውስ ማን ነው ሲሉት፣ ከእኔ ሰው የጎደለ የለም አለ። ጠባቂው አርበኛም ዝናቡ አስመርሮት ኖሮ ሾፌሩን «በል ቤትህ ግባ!» ብሎ አባረረው። እሱም ቤቱ መጣ።

ዝናቡ ሲያበቃ ግን አላስቻለውም። በሕይወት መኖሬን ለእናቴ ራሴ ካልነገርኋት ማንም አይነግርልኝም አለ። ወደ ጎንደር ከሚወጡ እስላም ነጋዴዎች ጋር ስንቅ ቋጥረን ሰደድነው። ሲሰናበት አማቴን «መንግሥት የለም። መኪና አንቺ ነው» አላቸው፤ መኪናው የእርስዎ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም። የባሌ እናት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «በሩን ሲያንኳኳ እናቱ ደንግጣ ወድቃ ይሆን?» እያሉ ይጨነቁ ነበር።

ባሌ የሞተርን ነገር ከሾፌሩ ለምዶ ነበርና ወሬው ተሰማ። ጣሊያን ጥሏቸው የሄዱ መኪኖች በየገደሉ ሞልተዋል፤ ያገኘ ሁሉ ወደ እኛ ማምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣው አንድ የይፋግ ነጋዴ ነው። መኪናውን ብዙ ጥማድ በሬ ይጎትተዋል፤ እሱ ከውስጥ ተቀምጦ መሪውን ያዞራል፣ በሬዎቹ ሲዘገዩ ጥሩምባውን ይነፋባቸዋል።

«ምኑን ነው የታመመው?» አሉ አማቴ።

«ምንም አልታመመም። ብቻ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አልሄድም ይላል።»

ባሌ ከሥሩ ገብቶ ሰነበተ። ፈታው፣ ገጠመው፣ ደግሞ ፈታው፤ የሚቻል አልሆነም። በመጨረሻ ነጋዴው ታከተውና አረቄ አስሞልቶ፣ በሬዎቹን ለእረኛ ሰጥቶ፣ ሞተሩን አስነሣ። አንድ ዘመዱን ከመኪናው ኋላ አቆመ። ዘመድየው «ቀኝ! ግራ! ጉድጓድ!» እያለ ፊት ፊት ይሮጣል፤ መኪናው ቂጡን አስቀድሞ፣ የፊት መብራቶቹን ወደ እኛ እንዳፈጠጠ፣ የይፋግን መንገድ ቁልቁል ተያያዘው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግንድ ጭኖ በዚያው በኋላው መጣ።