ብቻዬን የማነሳት ሞተር

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ነው የወደቅሁት፤ መውደቅ ከተባለ። ከአንድ እህል ቤት በር ላይ ጆንያ ተቀዶ ኑግ መንገዱ ላይ ተዘርግፏል። ከፊቴ ጋሪ ስለቆመብኝ እግሬን ላወርድ ስል የፊት ጎማዬ ኑጉ ላይ ተንሸራተተና እኔና ሞተሬ ቀስ ብለን ጋደም አልን። ፍጥነታችን ከሰው እርምጃ አይበልጥም ነበር። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ አቧራ ከመንካቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ተነስቼ፣ ሱሪዬን አራግፌ፣ ሞተሬን አቁሜ መንገዴን ልቀጥል ነበር ያሰብኩት።

ማን ፈቅዶልኝ! ሸክም የያዘው ሸክሙን ጥሎ፣ ጋሪ የሚገፋው ጋሪውን ትቶ፣ ሊስትሮው ሳጥኑን ዘግቶ በላዬ ላይ ተረባረበ።

"እኔን! እኔን ጋሼ!"

"እግራቸውን ቀስ አድርገህ ያዝ!"

"ውሃ አምጡ! ውሃ!"

"ደህና ነኝ" እላለሁ። "ደህና ነኝ አይበሉ ጋሼ፣ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚጎዳው" ይለኛል አንዱ፣ ሐኪም ይመስል። ብብቴን ይዘው አንጠለጠሉኝና የእህል ቤቱ በር ላይ ካለ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ውሃው መጣ፤ ልጠጣው እጄን ስዘረጋ አናቴ ላይ አፈሰሱብኝ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከሱቋ ወጥታ "ምነው በዚህ ዕድሜዎ ጋሼ? ልጅ የለዎትም እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ አንድ ጎረምሳ ሞተሬን ማንንም ሳይጠይቅ አነሳና "የት ነው ሱቅዎ?" ብሎ ይገፋት ጀመር። ባለ ሞተሩ እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ራሴ ረጥቦ፣ ከኋላ እንደ ለቀስተኛ ተከተልኩ።

ሱቄ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነው። ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ በየጉራንጉሩ የተበተኑ ናቸው፤ አንዱ ክር ሲያልቅበት ይደውላል፣ እኔ አደርሳለሁ። ሞተሯን የገዛኋት ለዚህ ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ክሩ ሰበብ ነው።

ትንሽ ሞተር ናት። ትልልቆቹን የሚነዱትን አያለሁ፤ ያን ሁሉ ጉልበት ተሸክመው መርካቶ መሃል ከጋሪ ኋላ ቆመው ይንጨረጨራሉ። የእኔዋ ያላትን ሁሉ አውጥታ ነው የምትሠራው። ከአውቶቡስ ተራ ወደ ላይ ስንወጣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወርዳለሁ፣ ደረቴን ወደ ማኑብሪዋ አስጠጋለሁ፣ እሷም ትጮኻለች። የተማሪ ቤት ልጆች በእግራቸው ይቀድሙናል። ዳገቱን ስንጨርስ ግን ሁለታችንም አንድ ቁም ነገር የሠራን ይመስለኛል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ነፋሱ በእጅጌዬ ገብቶ ጀርባዬ ላይ ኮቴን ይነፋዋል። ዓይኔን ጨፍኜ ብነዳ እንኳን በየትኛው ተራ እንደማልፍ አውቀዋለሁ፤ ቅመሙ፣ ቆዳው፣ አዲሱ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለው ጎማ ተራ በተራ አፍንጫዬን ይመቱታል። በታክሲ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ በመስኮት ዘግቶበት ያልፋል።

ከሁሉ ደስ የሚለኝን ደግሞ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሄልሜቱን ካጠለቅሁ በኋላ ዕድሜ የለኝም። ታክሲ ስገባ "ጋሼ ይቀመጡ"፣ ባንክ ስገባ "አባት ከፊት ይለፉ"፣ ለቅሶ ቤት ስገባ ትራስ። ሞተር ላይ ስሆን ግን ትራፊኩ "አንተ! ወዴት ነው? ቁም!" ይለኛል። ባለ ሚኒባሱ "ንካው እንጂ አንተ ደንቆሮ!" ብሎ ይሰድበኛል። በዚህ ዕድሜ አንተ መባል እንዴት እንደሚጣፍጥ ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት አይቻልም።

መርካቶ ውስጥ ወሬ ከሞተር ይፈጥናል። ጎጃም በረንዳ የወደቅሁ ዕለት ሱቄ ስደርስ ትልቋ ልጄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እናቷ ካረፈች ወዲህ አብራኝ የምትኖረው እሷ ናት።

"አባዬ፣ ሞተሃል ነው እኮ ያሉኝ" አለች።

"እንግዲህ አልሞትኩም።"

አልሳቀችም። ማታም አላናገረችኝም። እኔም አኮረፍኩ። ሁለት ኩርፊያ አንድ ቤት አይችልምና ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ጠበበን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረው ቆመዋል። አንደኛው የዕድራችን ዳኛ ነው። ሁለተኛው አሰብ ሲመላለስ ያረጀ ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር። ሦስተኛው ጎረቤቴ ሐጂ ነው፤ ከወሎ መጥቶ ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ፣ የሱቅ ግድግዳ ተጋርተን አብረን የሸበትን ሰው። ልጅ አባቷ ላይ ሽማግሌ ስትልክ ያየ አለ? ለጋብቻ ይላካል፣ ለዕርቅ ይላካል። በእኔ ቤት ለሞተር ተላከ።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አልኩ።

"እሺ ሳትለን አንቀመጥም" አለ ዳኛው።

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"መጀመሪያ እሺ በል።"

ደሜ ፈላ። ይህችን ዘዴ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ! ስንት ባልና ሚስት ልናስታርቅ አብረን ሄደናል፤ "እሺ ሳታሰኙ ወንበር እንዳትነኩ፣ ከተቀመጣችሁ ተሸነፋችሁ" እያልኩ በር ላይ የምመክራቸው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌ ደጅህ ቆሞ እምቢ ካልክ ነገ አንተ ሽማግሌ ሆነህ የሚሰማህ የለም። ይህን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ቆሙ፤ እኔም ቆምኩ። ከማድ ቤት የድስት ድምፅ እንኳን አይሰማም፤ ልጄ ጆሮዋን ተክላለች። ሐጂን ጉልበቱን እንደሚያመው ስለማውቅ በሆዴ እሱ ላይ ተስፋ ጥዬ ነበር። ሐጂም አመመው፤ ግድግዳውን ተደገፈ እንጂ አልተቀመጠም።

"ስማ" አለኝ ሐጂ። "ይቺ ልጅ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሬሳህን ውሰጂ የሚሏት ነው የሚመስላት። ትናንት እኔ ስደውልላት ድምፅዋ ጠፋ። ለሞተሩ አይደለም የመጣነው።"

ይህን ስሰማ ንዴቴ ባይለቀኝም መከራከሩን ተውኩት። የራሴን ሐሳብ አቀረብኩ። ሞተሬ ወድቃ ብቻዬን ካነሳኋት እነዳታለሁ፤ ማንሳት ካቃተኝ ቁልፉን አስረክባለሁ። የራሱን ሞተር ከመሬት ማንሳት ያቃተው ሰው መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ትንሽ ሞተር ለትልቅ ሰው የሚመቸውም እኮ ለዚሁ ነው፤ ስትወድቅ ትነሳለች። ሹፌሩ "ይሄ ፍርድ ነው" አለ። ልጄም ከማድ ቤት ብቅ ብላ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ነገ ሳይሆን በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት፣ መርካቶ ሲዘጋ፣ ሱቄ ፊት ለፊት ይሁን ተባለ። ያን ጊዜ ነው እሺ ያልኩትና እነሱም የተቀመጡት።

እስከዚያ ልለማመድ አሰብኩ። እስቲ መርካቶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞተር ከመሬት ለማንሳት ይሞክር! ከሱቄ ኋላ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ማንም አያየኝም ብዬ ቀስ አድርጌ አጋደምኳት። ጎንበስ ከማለቴ አንድ ጣቃ የተሸከመ ሰው "ኧረ ጋሼ!" ብሎ ጣቃውን ከነትከሻው ግድግዳ ላይ አስደግፎ በአንድ እጁ አነሳልኝ። "ተው፣ ሆን ብዬ ነው ያጋደምኳት" ስለው ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። በማግስቱ ስሞክር አንዲት ሴት ጮኸች፤ ከየሱቁ ሰው ወጣ። አንደኛው ከጎኑ ያለውን "ትንሽ ሳይነካቸው አልቀረም" ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። የሚያከብርህን ሰው አትሰድበው፣ አትመታው፤ ምን ታደርገዋለህ? እጄን አጣጥፌ "እግዜር ይስጥልኝ" እያልኩ ሱቄ ገባሁና ቁልፍ ስቆጥር፣ ነጩን ከጥቁሩ ደባለቅሁት።

እሑድ ደረሰ። እሑድ መርካቶ ሌላ አገር ናት። በሩ ሁሉ ተቆልፎ፣ መንገዱ ላይ ፌስታልና የካርቶን ቁራጭ ብቻ ይንከባለላል። ልጄን አስከትዬ ደረስኩ፤ ዳኛውና ሹፌሩ ከራጉኤል በነጠላቸው መጡ፤ ሐጂ ምርኩዙን ይዞ ቀድሞን ቆሟል። የሰፈሩ ዘበኛ ገና ሞተሯን ሳጋድማት ሮጦ ሊመጣ ሲል ሐጂ ምርኩዙን ዘርግቶ አገደው። "ተው! ዛሬ ማንም እንዳይነካ!" አለ። በዚህ አከበርኩት።

ጀርባዬን ለመቀመጫዋ ሰጥቼ ዝቅ አልኩ። አንድ እጄ ማኑብሪው ላይ፣ አንዱ ከመቀመጫው ሥር። እግሬን ተክዬ ወደ ኋላ ገፋሁ። ከመሬት ተላቀቀች፤ ጉልበቴ ግን ተንቀጠቀጠና መልሳ ተኛች።

"አይዞህ" አለ ሹፌሩ።

"ዝም በሉኝ!" ብዬ ጮኽኩ።

ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና ያዝኳት። ሞተር ስታነሳ ክብደቱ ከመጫን ወደ ማገዝ የሚዞርባት ቦታ አለች፤ እሷን ካለፍክ ራሷ ትቆማለች። እዚያች ቦታ አጠገብ ደረስኩ። ክንዴ ይነዝረኛል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ አንድ ጣት የምታህል ቀርታኛለች። ያቺን አንዲት ጣት የምገፋበት ጉልበት ከውስጤ ፈልጌ አጣሁት። አልነበረም። ባለፈው ዓመት ነበር፣ ምናልባት ባለፈው ወርም ነበር። ቀስ አድርጌ ልመልሳት ስል በድንገት እንደ ባዶ ጆንያ ቀለለችኝና ቀጥ ብላ ቆመች።

ዞር ስል የሐጂ እጅ ከመቀመጫው ሥር ሲወጣ አየሁት። ምርኩዙ መሬት ላይ ወድቋል።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አነሳት!" አለ ዳኛው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው! ሹፌሩ አጨበጨበ። ሐጂ መሐረቡን አውጥቶ እጁን ይጠርጋል፤ ቀና አላለም።

"ሐጂ፣ አነሳኋት?" አልኩት።

"አላህ ዕድሜህን ያርዝመው" አለኝ።

ይህ መልስ አይደለም። ወደ ልጄ ዞርኩ። ከጅምሩ ተው ስትለኝ የኖረች፣ ሽማግሌ እስከ መላክ የደረሰች ልጄ ናት፤ እሷ እንኳን እውነቱን ትናገራለች ብዬ ነበር።

"አነሳሃት አባዬ" አለች መሬት መሬት እያየች። "በቃ ንዳ። ብቻ ቀስ ብለህ።"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ በቅጡ አልረሳሁትም። መከልከልን እችለዋለሁ፤ እከራከራለሁ፣ አኮርፋለሁ፣ ሽማግሌም ቢመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። አራት ሰው ተስማምቶ ሲያዝንልኝ ግን በምን አባቴ ልከራከር? ሊነጥቁኝ የመጡት ሰዎች መልሰው ሰጡኝ፤ የሰጡኝም የማልችል ስለሆንኩ ነው። እንደዚያች ቅጽበት ሽማግሌ ሆኜ አላውቅም።

ቁልፉን ነቅዬ ዘረጋሁላት። ሁለት እጇን እንደ ልጅነቷ ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"አነሳሃት አልኩህ እኮ!"

"አላነሳኋትም።"

"ማን አየ?"

"እኔ" አልኳት።

ልጄ እጇን ከኋላዋ አወጣች፤ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። እንባዋ ሲመጣ ስላየሁ ፊቴን አዞርኩ። ሞተሯ ሱቅ መግባት ነበረባት። ማኑብሪዋን ያዝኩና መግፋት ጀመርኩ። ከመንገዱ እስከ ሱቄ በር አጭር ዳገት አለች፤ ነድቻት እንጂ ራሴ ገፍቻት ወጥቼ ስለማላውቅ ይህን ያህል የምትከብድ አይመስለኝም ነበር። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ቆምኩ። ዞር ብዬ አየሁ። ሽማግሌዎቹም፣ ልጄም፣ ዘበኛውም በቆሙበት ቆመው ያዩኛል። አንድም ሰው ጠጋ አላለም፣ አንድም ሰው ልርዳህ አላለኝም። ያን ጊዜ ቢያግዙኝ ደስ ይለኝ ነበር።